«ፓተርኑ ነው» መልስ አይደለም

በሶፍትዌር ሥራ ውስጥ ጥያቄ የሚገደልበት አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ፓተርኑ ነው»። የልደት ቀን ለምን እንደ መንኮራኩር እየተሽከረከረ ይመረጣል? ፓተርኑ ነው። ስም ለምን ሁለት ሳጥን ውስጥ ተከፋፈለ? ፓተርኑ ነው። ሰው የሚፈልገው አገልግሎት ሁሉ ለምን ሦስት አግድም መስመሮች ሥር ተደበቀ? ፓተርኑ ነዋ! ጠያቂው ዝም ይላል። ከዚህ በኋላ «ለምን» ብሎ መድገም አለመማርን ማጋለጥ ይመስላልና ስብሰባው ወደሚቀጥለው ስክሪን ያልፋል።

በኢንጂነሪንግ ተመርቄ ኮድ በመጻፍ እንጀራዬን መብላት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ከፓተርን ጋር ጠብ የለኝም። ሌሎች ደክመው የደረሱበትን መፍትሔ ትቶ ሁሉንም ከዜሮ ልፍጠር የሚል ኢንጂነር ጊዜም ገንዘብም አባካኝ ነው። ጠቤ ከሌላ ነገር ጋር ነው፤ የፓተርንን ስም መጥራት ውሳኔን እንደ ማስረዳት መቆጠሩ። ሐኪም የበሽታዬን ስም ስለነገረኝ ለምን እንደታመምኩ አስረዳኝ ማለት አይደለም። ለምን ይህን መድኃኒት እንደመረጠማ ጭራሽ አልነገረኝም። እኛ ግን ስም ጠርተን እንቀመጣለን፤ ዋጋውን ደግሞ ስብሰባው ላይ ያልነበረ ሰው ይከፍላል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሰው ነው።

ከ«ስለዚህ» በፊት

ቃሉ የተወለደው ኮምፒውተር ቤት አይደለም። አርክቴክቱ ክሪስቶፈር አሌክሳንደርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1977 «ኤ ፓተርን ላንጉጅ» የተባለ ወፍራም መጽሐፍ አሳተሙ። በውስጡ ከከተማ አሰፋፈር ጀምሮ እስከ መስኮት ዳር መቀመጫ ድረስ 253 ፓተርኖች አሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት አካሄድ አላቸው። መጀመሪያ ፓተርኑ የት ቦታ እንደሚሠራ ይነገራል። ቀጥሎ ችግሩ ይቀመጣል፤ በየአቅጣጫው የሚጓተቱት ፍላጎቶች ይዘረዘራሉ፤ ማስረጃ ይቀርባል። ከዚያ በኋላ «ስለዚህ» የሚል ቃል ይመጣል። መፍትሔው ያለው ከ«ስለዚህ» ወዲህ ነው።

ብዙ ሰው የማያስታውሰው ሌላ ነገርም አለ። ደራሲዎቹ ከፓተርኖቹ ርዕስ ጎን ኮከብ ያስቀምጡ ነበር። ሁለት ኮከብ ማለት ይህን ችግር በደንብ ለመፍታት ከዚህ መንገድ መውጣት አይቻልም ብለን እናምናለን ማለት ነው። አንድ ኮከብ ማለት መንገዱን ይዘነዋል፣ ግን ሊሻሻል ይችላል ማለት ነው። ኮከብ የሌለው ደግሞ ሌላ መፍትሔ በእርግጥ አለ፣ እኛ ለጊዜው ያገኘነው ይህን ነው ማለት ነው። ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆኑ ራሳቸው መዝነው ለአንባቢው ሰጡት።

እ.ኤ.አ. በ1994 አራት ደራሲዎች በጋራ በጻፉት መጽሐፍ ሐሳቡ በፕሮግራሚንግ ዓለም ተስፋፋ። በ2005 ጄኒፈር ቲድዌል «ዲዛይኒንግ ኢንተርፌስስ» በሚለው መጽሐፏ ለስክሪን ሥራ አዘጋጀችው። እሷም ብትሆን ፓተርኑ ምን እንደሆነ ብቻ ነግራ አላለፈችም፤ መቼ እንደሚያገለግልና ለምን እንደሚሠራ የሚናገሩ ክፍሎች አሉት።

ወደኛ ቢሮ ሲደርስ ከዚህ ሁሉ ምን ቀረ? ሥዕሉ። ከ«ስለዚህ» በፊት ያለው ተቆርጦ ወደቀ፤ ኮከቦቹም ጠፉ። የቀረው ፊግማ ላይ ተጎትቶ የሚለጠፍ ሳጥን ነው። ሳጥኑ ደግሞ የትም ቦታ ቢለጠፍ ያው ሳጥን ስለሆነ፣ የተወለደበት አገር ሰው ስሙን እንዴት እንደሚጽፍ፣ ሰዓቱን ከየት ጀምሮ እንደሚቆጥር፣ ስልኩን ለማን ሰጥቶ እንደሚያስነብብ አይናገርም።

«ሌላው ቦታ» የትኛው ቦታ ነው?

የፓተርን ጠበቆች አንድ ጠንካራ ክርክር አላቸው፤ በሐቅ ላስቀምጠው። ያኮብ ኒልሰን የተባለው የአጠቃቀም ምርምር ሰው የተናገረውና በስሙ የሚጠራ ሕግ አለ። ተጠቃሚዎች አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት ያንተ ባልሆኑ ገጾች ላይ ነው፤ ስለዚህ ያንተም ገጽ እነሱ በለመዱት መንገድ እንዲሠራ ይፈልጋሉ። የገበያ ቅርጫት ምልክት ቀኝ ከላይ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ሰው ሌላ ቦታ የተማረውን ያንተ ቤት ሲደርስ እንደገና አይማርም። ይሄ እውነት ነው።

እስቲ እንግዲህ ይህንኑ ሕግ ይዘን ባሌ እንውጣ። ሲናና ወይም አጋርፋ ላይ ስንዴ የሚያመርት የ55 ዓመት ገበሬ «ሌላው ቦታ» የቱ ነው? ኢንስታግራም አይደለም። የሱ ሌላ ቦታ ባለ ቁልፍ ስልኩ ነው፤ በኮከብ ተጀምሮ በመሰላል የሚያልቅ ቁጥር ሲደውል የሚመጣለት ተራ ቁጥር ያለው ዝርዝር ነው። የባንክ ገንዘብ ማስገቢያ ወረቀት ነው። የቀበሌ ፎርም ነው። የኮምባይነር ኪራይ የተመዘገበበት ደብተር ነው። የኒልሰንን ሕግ በቅንነት የሚያከብር ዲዛይነር የሱን አፕ ሲሠራ ከእነዚህ መነሳት ነበረበት። እኛ ግን ሕጉን ጠቅሰን የሳን ፍራንሲስኮን ልማድ ሮቤ ላይ እንተክላለን። ሕጉ እኛኑ እየከሰሰ መሆኑን ልብ ያለው የለም።

የሳይንስ ስም ይዞ የሚመጣም አለ። «ዝርዝሩ ከሰባት በላይ መሆን የለበትም፣ የሰው አእምሮ ሰባት ነገር ብቻ ነው የሚይዘው» ሲባል ስንቴ ሰማችሁ? መነሻው ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳተመው ጽሑፍ ነው። ሚለር ያወራው ሰው ሰምቶ ወይም አይቶ ለአፍታ በጭንቅላቱ ስለሚይዘው ነገር ነው። ስክሪን ላይ ተዘርዝሮ ፊት ለፊት የተቀመጠን ነገር ማን በቃሉ ያጠናል? ዓይኑ እያየው ነው። ቁጥሩን እንጂ ችግሩን ስላልወሰድን፣ ሰው በየቀኑ የሚፈልጋቸውን አራት አገልግሎቶች «ተጨማሪ» ከሚል ቃል ጀርባ እንደብቃለን፤ ከዚያ ደግሞ «አይጠቀሙበትም» ብለን ሪፖርት እንጽፋለን።

የነበረንን የጣልንበት

ሦስት ምሳሌ ላቅርብ። ሦስቱም ተራ ናቸው፤ ማንም ኢትዮጵያዊ ያውቃቸዋል።

የመጀመሪያው ስም ነው። «ፈርስት ኔም» እና «ላስት ኔም» የሚለው ፓተርን የቤተሰብ ስም ባለበት አገር ለሚነሳ ችግር የተሰጠ መልስ ነው። እዚያ ሁለተኛው ስም ቤተሰብን ያመለክታል፤ ሰዎች በሱ ይደረደራሉ፣ በሱ ይጠራሉ። እኛ ዘንድ ሁለተኛው የአባት ስም ነው። ባልና ሚስት አይጋሩትም፤ አባትና ልጅም አይጋሩትም። «ውድ አቶ» ብሎ በአባቴ ስም የሚጠራኝ አፕ ደብዳቤውን የጻፈው ለአባቴ ነው። የሚገርመው ለዚህ ችግር የራሳችን ፓተርን ነበረን። የቀበሌ፣ የትምህርት ቤት፣ የባንክ ወረቀት ሁሉ «ሙሉ ስም ከነአያት» ብሎ አንድ ረጅም መስመር ይሰጥ ነበር። አጭር፣ ግልጽ፣ ማንም የሚሞላው። ማንንም የቤተሰብ ስም እንዲፈጥር አያስገድድም። ይህን ጥለን ሁለት ሳጥን ያመጣን ጊዜ ማን «ለምን» አለ?

ሁለተኛው የልደት ቀን ነው። አሮጌዎቹ ፎርሞቻችን ብዙ ጊዜ «ዕድሜ» ብለው ይጠይቁ ነበር፤ ምክንያት ነበራቸው። የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደና የልደት ወረቀት የሌለው ሰው ሞልቷል፤ የተወለደው «የዝናቡ ጊዜ»፣ «የእገሌ ሠርግ ሰሞን» ነው። ቀን፣ ወር፣ ዓመት ካልሞላህ አላሳልፍህም የሚል ስክሪን ይህን ሰው የሚጠይቀው የማያውቀውን ነገር ነው፤ ስለዚህ ይፈጥራል። ውጭ አገር በስደት የገቡ ብዙ ወገኖቻችን በወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 ቀን የተወለዱት ለዚህ ነው። ፎርሙ የሌለ መረጃ አመረተ፤ ከዚያ ሌላው መሥሪያ ቤት ያንን የተመረተ መረጃ ከሌላ ወረቀት ጋር አስተያይቶ «አይመሳሰልም» ይላል።

ቀን መምረጫው ራሱ ሌላ ጉድ ነው። አሥራ ሁለት ወር ብቻ ያለው መንኮራኩር ጳጉሜ ላይ የተወለደን ልጅ የት ያስገባዋል? «ቴክኖሎጂው የለም» እንዳይባል ደግሞ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠርም በጃቫስክሪፕት ውስጥ ተሠርቶ ተቀምጧል፤ አንድ መስመር ጽፎ ቀኑን በኛ አቆጣጠር ማሳየት ይቻላል። የሌለው ሰውየው ቀኑን ራሱ መርጦ የሚያስገባበት ዝግጁ ሳጥን ነው፤ የኤችቲኤምኤል የቀን ሳጥን የሚያስረክበው ዋጋ በግሪጎሪያን ነውና። ያንን መሥራት የሁለት ቀን ሥራ ነው። የሁለት ቀን ሥራ ለመቆጠብ ሕዝቡን በሙሉ በአእምሮው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እንዲደምር እናደርገዋለን፤ ይህንንም ፓተርን እንለዋለን።

ሦስተኛው ሰዓት ነው፤ ይሄኛው ሰው ይጎዳል። በአማርኛ የተጻፈ የቀጠሮ መልእክት «8፡00 ይገኙ» ቢል፣ አማርኛ አንባቢ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ብሎ ያነበዋል። ሲስተሙ ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቱ ነበር። ሰውየው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። ከብድሬ ወይም ከሳነቴ ማዶ ተነስቶ ጎባ ሆስፒታል የሚመጣ ሕመምተኛ ስድስት ሰዓት ዘገየ ማለት ቀኑ አለፈው፣ አልጋ ተከራየ፣ ነገ እንደገና ተሰለፈ ማለት ነው። ቃላቱን ተርጉመው ሰዓቱን ሳይተረጉሙ የተዉት ሰዎች «አማርኛ ይደግፋል» ብለው ምልክት አድርገው ዘግተውታል።

የናቅነው ፓተርን

ዲዛይን ተማርን የምንል ሰዎች ዩኤስኤስዲን እንንቃለን። ያ ጥቁር በነጭ ዝርዝር፣ «1. ገንዘብ ላክ፣ 2. ካርድ ሙላ፣ 0. ተመለስ» የሚለው፣ አሮጌና የማያምር ነው ይባላል። እኔ ግን በዚህ አገር ውስጥ ካሉ ገጽታዎች ሁሉ ለእያንዳንዱ ውሳኔው ምክንያት ማቅረብ የሚችለው እሱ ነው እላለሁ።

ለምን አጭር ሆነ? አንድ የዩኤስኤስዲ መልእክት 160 ባይት ብቻ ይይዛል። በላቲን ፊደል ከተጻፈ 182 ሆሄ ይገባበታል። በግዕዝ ፊደል ከተጻፈ ግን እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ስለሚወስድ 80 ብቻ። ከመልእክቱ አንዲት ሆሄ እንኳ ግዕዝ ከሆነች ሌላው ሁሉ፣ በላቲን የተጻፈው የድርጅት ስም ሳይቀር፣ በሁለት ባይት ይቆጠራል። አማርኛ የተበደለ ይመስላል፤ ነገር ግን ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን በአንድ ሆሄ ስለሚይዝ ቃሉ ያጥራል። «ገንዘብ ላክ» ክፍተቱን ጨምሮ 7 ቦታ ይወስዳል። ይኸው በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ሲጻፍ 13 ቦታ ነው። ሰባት ከሰማንያ፣ አሥራ ሦስት ከመቶ ሰማንያ ሁለት፤ ሒሳቡ ተቀራራቢ ነው። ቋንቋ ምርጫ ለምን መጀመሪያ ላይ ተጠየቀ? ሁለቱን ባንድ ስክሪን ማስቀመጥ ቦታውን ስለሚበላው። ቁጥር ለምን ተመረጠ? ማንበብ የሚያዳግተው ሰው «አንድ፣ ከዚያ ሦስት» ብሎ መንገዱን በቃሉ ሊይዝ ስለሚችል። እያንዳንዱ ነገር ከ«ስለዚህ» በፊት የሚቆም ምክንያት አለው። ይሄ ነው ፓተርን ማለት!

ቡናም እንዲሁ ነው። ባሌ ውስጥ ይሁን ጎጃም፣ እንግዳ ተቀምጦ ሲጠጣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ መኖሩን ያውቃል። ስንተኛው ላይ እንዳለ፣ ምን ያህል እንደቀረው፣ መቼ ተነስቶ ቢሄድ ነውር እንደማይሆን ያውቃል። እኛ «ደረጃ 2 ከ3» ብለን ስክሪን አናት ላይ የምንጽፈው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ የቡናውን ዙር አንዲት እናት ለልጅ እንግዳ ምክንያቱን ጨምራ ልታስረዳው መቻሏ ነው። እኛ የራሳችንን ስክሪን ማስረዳት ያቅተናል።

መሐመድ የቱ ነው?

ጥሩ ፓተርን ወስዶ በትክክል ማስረዳት ምን እንደሚመስል ላሳይ። ኬንያ ውስጥ ኤም-ፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007 ከተጀመረ በኋላ ሰዎች አንድ ቁጥር ተሳስተው ገንዘብ ለማያውቁት ሰው ይልኩ ነበር። ኋላ ላይ «ሃኪኪሻ» የሚባል ነገር ተጨመረ፤ አረጋግጥ እንደማለት ነው። ገንዘቡ ከመሄዱ በፊት የተቀባዩ ስም ይታያል፤ ላኪው ካልሆነ ያቆመዋል። ችግሩ ግልጽ፣ መፍትሔው ግልጽ። ተቀባይን በስም ማረጋገጥ ዛሬ በኛም አገር የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶች የተለመደ ደረጃ ነው።

አሁን ይህን ደረጃ የሚሠራ ዴቨሎፐር «ፓተርኑ ነው» ብሎ የመጀመሪያ ስም ብቻ ቢያሳይ ምን ይሆናል? «ለመሐመድ 12,000 ብር ሊልኩ ነው። ይቀጥሉ?» ሮቤ መሐል ቆማችሁ «መሐመድ!» ብላችሁ ብትጣሩ ስንት ሰው እንደሚዞር ታውቃላችሁ። ስሙ ታየ፣ ፓተርኑ ተሟላ፣ ማረጋገጫ ግን አልተሰጠም። የኛ ሰው የሚለየው በአባቱ ነው፤ ካልበቃም በአያቱ። ስለዚህ ሦስቱንም እናሳይ? ቆይ፤ ሌላ የሚጓተት ነገር አለ። ማንም ሰው ያገኘውን ስልክ ቁጥር አስገብቶ የባለቤቱን ስም እስከ አያቱ ማንበብ ከቻለ፣ ይሄ ለአጭበርባሪ የተከፈተ መዝገብ ነው። ምናልባት መልሱ ስምና የአባት ስም አሳይቶ የአያትን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ መስጠት ነው። ምናልባት ሌላ ነው። እኔ ለዚህ መልስ አንድ ኮከብ እሰጠዋለሁ፤ ሁለት አልሰጠውም። ነገር ግን ይህን ውይይት ሳያደርግ የተወሰነ ስክሪን አልተወሰነም፤ ተገለበጠ እንጂ።

«ተጠቃሚው አልሠለጠነም»

ፓተርኑ ሳይሠራ ሲቀር የምንሸሽበት ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር አለን፤ «ተጠቃሚው አልሠለጠነም»።

ብድሬ ያለ አጎቴ ከብት ይሸጣል። ገንዘቡን በስልክ ይቀበላል። የሚስጥር ቁጥሩን ለኤጀንቱ ልጅ ጮክ ብሎ ይነግረዋል፤ ልጁ አስገብቶ ቀሪውን ያነብለታል። ባንድ ወቅት ስሄድ «አጎቴ፣ ይሄን ቁጥር እኮ ለማንም አይንገሩ» አልኳቸው። ሳቁ። «ታዲያ ማን ያንብብልኝ? አንተ እንደሆንክ አዲስ አበባ ነህ» አሉኝ።

ይህን ንግግር ሥልጠና ይፈታዋል የሚል ካለ ይሞክር። አጎቴ አደጋውን ያውቃሉ። ከብት ሲሸጡ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ገበያ ላይ ማንም አያታልላቸውም። ግን የሚያነቡት ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ስክሪኑ ቁጥሩን በነጠብጣብ ስለሚሸፍነው ምን እንደነኩ አያዩም፤ ሲሳሳቱ የሚመጣው መልእክት «ግብይቱ አልተሳካም» ይላል እንጂ ለምን እንዳልተሳካ አይልም። በዚህ ሁኔታ ቁጥሩን ለሚያምኑት ልጅ መንገር ሞኝነት አይደለም። ከቀረቡላቸው መንገዶች የተሻለው እሱ ነው።

ነጠብጣቡን እንውሰድ። የሚስጥር ቁጥርን መሸፈን ለምን ፓተርን ሆነ? ከጀርባ ቆሞ የሚያይ ሰው እንዳይሰርቅ። እዚህ ግን ነጠብጣቡ ባለቤቱን ራሱን አሳውሮ ቁጥሩን ጮክ ብሎ እንዲናገር ገፋው። ከአንድ ሌባ ዓይን የሸሸገው ቁጥር ለሱቁ ሙሉ ጆሮ ተሰማ። ከ«ስለዚህ» በፊት ያለውን ያነበበ ሰው ይህን ያያል፤ «የነካሁትን አሳየኝ» የሚል ቁልፍ ይጨምራል፣ ቀሪ ሂሳብን በድምፅ የሚናገር አማራጭ ያስባል፣ ለኤጀንቱ ከሚስጥር ቁጥሩ ሌላ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር መስጠትን ያስባል። ሥዕሉን ብቻ የያዘ ሰው ግን ለሕዝቡ የሥልጠና ፖስተር ያሳትማል።

መውጫ በሌለበት

ከሌላው ዓለም የመጡት ፓተርኖች አንድ ያልተጻፈ ግምት አላቸው። ተጠቃሚው ካልተመቸው ትቶ ይሄዳል። ሱቁ ብዙ ነው፤ አንዱ ካስቸገረው ሌላው ጋ ይገዛል። ዲዛይነሩን ታማኝ የሚያደርገው ይህ ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ባለበት አገር እንኳ ሆን ብሎ ማሳሳት አልቀረም። ሃሪ ብሪግነል እ.ኤ.አ. በ2010 ለዚህ ዓይነቱ ተንኮል «ዳርክ ፓተርን» የሚል ስም አወጣለት። በታኅሣሥ 2022 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኤፒክ ጌምስ የተባለውን የጨዋታ ኩባንያ ሰዎችን በቁልፍ አቀማመጥ እያሳሳተ ያስከፍላል ብሎ 245 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ አደረገው። እዚያ የቁልፍ ቦታ ክስ ያስነሳል።

እኛ ጋ ግን ብዙ ጊዜ መውጫ የለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ምርጫ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ እንዲሆን ሲወሰን ስክሪኑ ለሾፌሩ ግዴታ ሆነ። ፋይዳ መታወቂያም ለባንክ ሂሳብ መክፈቻ እየተጠየቀ ነው። እነዚህን ለመቃወም አይደለም ያነሳኋቸው፤ ወረፋውንና የወረቀት ክምሩን የማያውቅ ብቻ ነው ዲጂታል ይቅር የሚለው። ነገሬ ሌላ ነው። አንድ ስክሪን ምርጫ ሲሆን ዲዛይነሩ «ካልተመቸህ ተወው» ሊል ይችላል። ግዴታ ሲሆን ግን ያ ስክሪን ደንብ ሆኗል። ደንብ ደግሞ ምክንያት ይጠየቅበታል። ሕግ አውጪ «ለምን?» ሲባል «ሌላ አገር እንዲህ ነው» ብሎ መቀመጥ አይችልም፤ ወይም መቻል የለበትም። ኮዱን የምንጽፈው ልጆች፣ ማንም ሳይመርጠን፣ የአገሪቱን ትንንሽ ደንቦች እየጻፍን ነው። ስም ማለት ምን እንደሆነ፣ ቀን ስንት ወር ውስጥ እንደሚገኝ፣ ማን ያለ ረዳት ገንዘቡን ማየት እንደሚችል እየወሰንን ነው።

ምን ይደረግ?

«ጊዜ የለንም፣ ደንበኛው ነገ ይፈልገዋል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የምጠይቀው ግን የአንድ ወር ጥናት አይደለም። ለእያንዳንዱ ውሳኔ አራት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጻፍ። ይህ ፓተርን የት ተወለደ፣ ለየትኛው ችግር? ያ ችግር እኛ ጋ አለ ወይ? የኛ ሰው ይህን ነገር ከዚህ በፊት በምን ለምዶታል? ምን ያህል እርግጠኛ ነን፣ ሁለት ኮከብ፣ አንድ፣ ወይስ ባዶ? አራተኛውን የማይጽፍ ቡድን ሦስቱንም አልጻፈም ብዬ እቆጥረዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ማብራሪያው በተጠቃሚው ቋንቋ ይነገር። «ፕሮግረሲቭ ዲስክሎዠር» በሚል ቃል ብቻ ማስረዳት የምትችሉት ውሳኔ ካለ ገና አልገባችሁም። በአማርኛ «መጀመሪያ የሚያስፈልገውን ብቻ እናሳይ፣ ሌላውን ሲጠይቅ» ብላችሁ ስትናገሩት ወዲያው ጥያቄው ይመጣል፦ የሚያስፈልገውን ማን ወሰነ? በአፋን ኦሮሞ ስትናገሩት ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ቃሉን በእንግሊዝኛ ስናስቀረው ያመለጠን ያ ጥያቄ ነው።

ሦስተኛ፣ ፈተናው ይቀየር። ሮቤ ላይ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አለ። የኮምፒውተር ተማሪው ከግቢው ወጥቶ ትንሽ ቢራመድ ስንዴ ሽጦ የመጣ ገበሬ፣ ሱቅ የምትጠብቅ ሴት፣ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ያገኛል። የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ለመምህሩ በስላይድ ከማስረዳቱ በፊት ለእነሱ ያስረዳ። «ይሄ ቁልፍ እዚህ የሆነው ለዚህ ነው» ይበላቸው። ገበሬው «አይ፣ እኔ ይሄን የምፈልገው ሌላ ጊዜ ነው» ካለው፣ ከየትኛውም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የማያገኘውን የፓተርን መግቢያ አገኘ ማለት ነው። ሰብስበን ብንጽፋቸው ከጥቂት ዓመት በኋላ የራሳችን የፓተርን መዝገብ ይኖረናል፤ ስም ከነአያት፣ አሥራ ሦስት ወር፣ ከንጋት የሚቆጠር ሰዓት፣ አንባቢ ረዳት ይዞ የሚመጣ ተጠቃሚ፣ እያንዳንዱ ከነምክንያቱ።

እስከዚያው ግን በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ «ፓተርኑ ነው» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ዝም አትበሉ። «እሺ፣ ከስለዚህ በፊት ምን ይላል?» በሉት። መልስ ካለው ትማራላችሁ። ከሌለው ስክሪኑ ገና ስላልተወሰነ ስብሰባው አላለቀም።